ነፋሱ ካለፈ በኋላ የቀረው ግዝት

እናቴን ያስገዘትኳት እኔ ነኝ። ዘመድ ሲያወራ ቄሱ ገዘቷት ይላል። እውነት ነው፣ መስቀሉን ያነሡት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ጆሯቸው ውስጥ ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ፤ ያስገባሁትም በውሸት ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ አላመለጠኝም። ሞጣ ላይ ከወንድሜ ቤት እስከ ቄሱ ቤት ያለውን መንገድ ምን እንደምል እያሰብኩ ነው የሄድኩት።

ግዝት ለማያውቅ ልንገር። ቄስ መስቀሉን ይዞ «ይህን እንዳታደርጊ ገዝቼሻለሁ» ካለ፣ ያሰረው እሱ ራሱ እስኪፈታው ድረስ ያ ነገር አይደረግም። በእኛ አገር ሰው ዳኛ የወሰነበትን ይጥሳል፣ ሐኪም የከለከለውን ይበላል፣ ግዝት ግን አይጥስም። እናቴማ ጭራሽ አትጥስም።

ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነቱ ነው። ወንድሜ፣ በስድስት ዓመት ታናሼ፣ ወደ ሰሜን የዘመተ ጊዜ እናቴ ገጠሩን ትታ ቢቸና ከእኔ ጋር መኖር ጀምራ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ያኔ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ደብዳቤው ከቀረ ሁለት ወር ሲሞላው እናቴ አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ነጠላዋን አደገደገች፣ በጣና ደሴት ላይ ላለችው ማርያም ተሳለች።

«ልጄን በሕይወት ካመጣሽልኝ መጋረጃሽን በእጄ ፈትዬ፣ በእግሬ መጥቼ፣ በሰኔ ሃያ አንድ ቀንሽ አገባልሻለሁ።»

ከወንዝ የሚበልጥ ውኃ አይታ አታውቅም። ደሴቷንም የምታውቃት በስም ብቻ ነው። አያቷ እዚያ መንኩሰው እዚያው አርፈዋል ይባል ነበርና ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጨነቅ የምትጠራው ያንን ስም ነው።

እኔ ጓዳ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ሰማኋት። እንባዬ መጣ ብል ውሸት ነው፤ የመጣብኝ ንዴት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሞጣ ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ሙሉ አምጬ የሞተ ልጅ ስገላገል፣ ያኔ ገጠር የነበረችው እናቴ አጥሚት ይዛ መጣች፣ አንድ ቀን አደረች፣ «እንግዲህ የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብላ በማግሥቱ ወደ አረሟ ተመለሰች። ባሌም በዚያው ዓመት ጥሎኝ ሄደ። ለእኔ አንዲት ጧፍ እንኳ አልተሳለችም። ለእሱ ባሕር ልትሻገር ነው።

ወንድሜ ግን መጣ። አንድ እግሩን ትንሽ እየጎተተ፣ ከስቶ፣ ግን ሙሉ ሰው ሆኖ መጣ። ሞጣ ላይ ከአንድ በያጅ ጋር ሥራ ያዘ፣ እዚያው ቤት ተከራየ። እናቴ በዚያው ሳምንት ጥጥ ገዝታ መፍተል ጀመረች። አንድ ዓመት ከስንት ወር ፈተለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልቃቂቱን ከመንገዴ ላይ ላነሣ ስዘረጋ፣ «ተይ፣ አትንኪው፣ እጅሽ ጠመኔ አለው» ትለኝ ነበር። ቀለቧን የሚያመጣው ያ ጠመኔ ያለበት እጅ እንደሆነ ልነግራት እፈልግና እተወዋለሁ። ሸማኔው ሠርቶ ሲያመጣላት ወለሉን አስጠርጋ፣ ሰሌን አንጥፋ፣ በላዩ ዘረጋችው። የሚያምር መጋረጃ ነበር። አሁንም ያምራል።

ሰኔ ደረሰ። እንድወስዳት ለመነችኝ፤ ማንበብ የምችል፣ ከከተማ ሰው ጋር መነጋገር የማውቅ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እስከ ሰኔ ሃያ አራት ድረስ ለክረምት ትምህርት መመዝገብ ነበረብኝ። ለዲፕሎማው ስለፋ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ የቀረ ሰው ዓመት ይጠብቃል። እሺ አልኳት፤ በልቤ ግን ገና ከቢቸና ሳንነሣ የምንቀርበትን ምክንያት እፈልግ ነበር።

ምክንያቱ በአውቶብሱ መስኮት መጣ። በዚያ ሳምንት ነፋሱ ሌላ ዓይነት ነበር። ቢቸና ላይ የገበያውን ዳስ ሁሉ ነቅሎ ጥሎታል። ጉንደ ወይን ስንደርስ የወደቀ ባሕር ዛፍ መንገዱን ዘግቶት ወንዶቹ ወርደው እስኪያነሡት ድረስ ዝናብ እየገረፋቸው ቆየን። የሾፌሩ ራዲዮ በጣና ዙሪያ ከባድ ነፋስና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል፣ በሐይቁ ላይ የሚጓዙ ይጠንቀቁ ሲል መላው አውቶብስ ሰማ። እናቴ መጋረጃውን በላስቲክ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አቅፋ ጸሎቷን ትደግማለች። ራዲዮውን አልሰማችም፤ ወይም አልሰማሁም አለች።

ሞጣ የገባነው ሰኔ አሥራ ስምንት ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሜ መናኸሪያ ጠበቀን። በማግሥቱ ባሕር ዳር ወርደን፣ ሃያ ቀን ዋዜማው ላይ ልንሻገር ነበር አሳባችን። ነፋሱ ግን የወንድሜን ቤት ቆርቆሮ ሲያንገጫግጨው አድሮ ጠዋት ላይም አልተወም። ወንድሜ ከባሕር ዳር የመጡ ሰዎች ሊጠይቅ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰ።

«ሐይቁ ደፍርሷል አሉ» አለ። «ጀልባ ከዳር አይነሣም። ስለተኛ ሁሉ ዳር ዳር ተቀምጦ ይጠብቃል። ትናንት አንዲት ማገዶ የጫነች ታንኳ ተገልብጣ እንጨቱ ውኃው ላይ ተበትኖ ቀረ።»

«ሰውየውስ?» አልኩ።

«ዋኝቶ ወጣ። ምንም አልሆነም።»

«እንግዲያው ይቅር» አልኩ። «በሚመጣው ዓመት ትሄዳለች።»

ወንድሜ ራሱን እያከከ ትንሽ አሰበ። «እታለም፣ እኔ የምለው፣ ባሕር ዳር እንውረድና ዳሩ ላይ እንጠብቅ። ነፋሱ ካቆመ እንሻገራለን፣ ካላቆመ እንመለሳለን። ሰዉስ እየጠበቀ አይዶል?»

ትክክል ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። ዳሩ ላይ መጠበቅ ማለት ምናልባት ሦስት ቀን፣ ምናልባት አምስት ቀን ነው፤ የእኔ ምዝገባ ያልፋል። ይህን ብናገር እናቴን ለወረቀት ሸጥኳት ይሉኛል። ስለዚህ ስለ ነፋሱ ጮህኩ። ራዲዮው ያለውን ደገምኩ፣ የወደቀውን ዛፍ ደገምኩ፣ እሷ መዋኘት እንደማትችል፣ ስድሳ ዓመት እንዳለፋት ተናገርኩ። የተናገርኩት አንዱም ሐሰት አልነበረበትም።

እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ በቀስታ፣ ሰው ልጁን እንደሚመክር ሆና፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ጥይት የመለሰችልኝ እመቤት ነፋስ አትመልስልኝም? አንች ምን ታውቂያለሽ ልጄ። ልጅ ያላሳደገ ሰው የስለት ነገር አይገባውም።»

ወንድሜ «እማ!» ብሎ ተቆጣ። እሷ ግን ምን እንዳለች እንኳ አልታወቃትም። ላስቲኩን መልሳ ማሰር ጀመረች። እኔ ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

የነፍስ አባቷ ሞጣ ይኖሩ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ በደጉ ጊዜ ቅኔ ያስተማሩ፣ አንደበታቸው የተባ። እናቴ በዓለም ላይ የምትፈራው እሳቸውን ብቻ ነው። ግቢያቸው ስገባ በቅሏቸውን ሲያስጭኑ አገኘኋቸው፤ ከጉንደ ወይን ወዲያ ቆላው አፋፍ ላይ ወዳለው የትውልድ ቀዬያቸው ለወንድማቸው ተዝካር ሊሄዱ ነው። መስቀል ተሳለምኩ።

«አባ፣ እናቴን ያስጥሉልኝ» አልኳቸው።

«ምን ሆነች?»

«ሐይቁን ካልተሻገርኩ ብላለች። ማዕበል ነው። ትናንት አንድ ጀልባ ስለተኛ ጭና ሰጠመች። ሰባት ሰው ሞተ። ሦስቱ እናቶች ናቸው።»

ሰባት ያልኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሦስቱ እናቶች ያልኩት ለምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። አባ አማተቡ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የበቅሎውን ኮርቻ እንደ ተንጠለጠለ ትተው ምርኩዛቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

ወንድሜ ቤት ሲገቡ እናቴ ተነሥታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው አልተቀመጡም። «ልጄ፣ ውኃው ሰባት ሰው በልቷል፤ ሦስቱ እናቶች ናቸው» አሏት። ወንድሜ ወደ እኔ ዞር አለ፤ ከእሱ በኋላ አዲስ ወሬ መጥቶ መሰለው መሰል፣ ደንግጦ ግድግዳውን ተደገፈ። እናቴ ግን «አባ፣ ስለቴ ነው፣ ልጄን ያወጣልኝ ስለት ነው» አለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አለች። ሦስተኛ ልትል ስትል አባ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

«በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን፣ ያንን ውኃ እንዳትሻገሪ ገዝቼሻለሁ። ለሐምሌ ሥላሴ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ እፈታሻለሁ።»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መጋረጃውን ከአልጋው አውርዳ ታቀፈችው። ስታለቅስ አላየኋትም። እኔም ያን ሰዓት ያዘንኩ መስዬ ተቀመጥኩ እንጂ አላዘንኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ካልጻፍኩ ይህን ሁሉ መጻፌ ለምን ይጠቅማል?

ሰኔ ሃያ ቀን ቀትር ላይ ነፋሱ ቆመ። ሰው መብራት እንደሚያጠፋ ድንገት ቆመ። ሃያ አንድ ሲነጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የረጠበው ቆርቆሮ ሁሉ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ዳሩ ላይ የጠበቁት ሁሉ በሌሊቱ ተሻግረው ማኅሌት እንደቆሙ በኋላ ሰማን። ወንድሜ ግቢው መካከል ቆሞ ሰማዩን አየ፣ እሷን አየ።

«አሁን ብንነሣ እኮ ለማታው እንደርሳለን፣ ነገ ትሻገሪያለሽ። ቀኑ ቢያልፍም ታቦቷ ያችው ናት» አላት።

«ተገዝቻለሁ» አለች።

«ነፋሱ እኮ ቆሟል፣ እማ።»

«ነፋሱ አይዶለም የገዘተኝ።»

በማግሥቱ ወደ ቢቸና ይዣት ተመለስኩ። ለምዝገባዬ በሰዓቱ ደረስኩ። አባ ግን ለሐምሌ ሥላሴ አልደረሱም። ተዝካሩን አውጥተው በሳምንቱ ታመው እዚያው ቆላው አፋፍ ላይ ዐረፉ። መርዶውን ያመጣው ሰው እናቴ ለነፍስ አባቷ ያለቀሰች መሰለው። እሷ ግን ቁልፉን ይዘው ሄዱ እያለች ነው ያለቀሰችው።

ሌሎች ካህናት እንፈታሻለን አሏት። አንዱ እንዲያውም ቢቸና ድረስ መጥቶ ለመናት። «ያሰሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ሰው በሳቸው ቋጠሮ ምን አገባው» ብላ መለሰችው። መጋረጃውን በሰው ላኪው ሲሏት «በእግሬ መጥቼ በእጄ ነው ያልኩት» ትላለች። አንዱ በር በግዝት፣ አንዱ በር በስለት ተዘጋባት፣ መካከል ላይ ቀረች። ያልተከፈለ ስለት ደግሞ ባለዕዳውን ሳይሆን የተሳሉለትን ሰው ነው የሚይዘው ብላ ታምን ነበር። ወንድሜ ባስነጠሰ ቁጥር ፊቷ ይገረጣል። ብየዳ እሳት ነው ብላ አስተወችው፤ በር ጥበቃ ያዘ። ባሕር ዳር አንድ ትልቅ ጋራዥ ሊቀጥረው ሲል ስለቱ ሳይገባ ወደዚያ ውኃ እንዳትጠጋ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች፤ ቀረ። ሊያገባት ያሰባት ልጅ የባሕር ዳር ልጅ ነበረች፣ እሷም ቀረች። እሱም ከቀን ወደ ቀን ዝም የሚል ሰው ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት ቄስ አገኘሁና የሰው ነገር አስመስዬ ጠየቅኩት። «አንዲት ሴት ቄሱን ዋሽታ ሌላዋን ብታስገዝት፣ የተገዘተችው እንዴት ትሆናለች?» አልኩት።

«ቄሱ በውሸት ተታለው የገዘቱት ግዝት አያስርም» አለኝ። «የዋሸችው ሴት ትናገርና ንስሐ ትግባ። ሌላዋ ነጻ ናት። ዛሬውኑ መሄድ ትችላለች።»

ያንን ቃል ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ያኔ ገና እግሯ ጠንካራ ነው፤ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትወጣኝ በማግሥቱ አውቶብስ ላይ ናት። «ማን ሞተ?» ብላ የለቅሶውን ወሬ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እራት በላን። አፈርኩ እንበል፤ ማፈሩም ነበረበት። ከማፈሩ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ለወንድሜ ልትሰጠው ያልቻለችው ነገር አለ፣ ይህን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እሷም እኔው ዘንድ ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔው ሲያድር ጊዜ እየጠቆረ ሄደ። እንዲሁ አራት ዓመት ያዝኩት።

በሰባተኛው ዓመት እናቴ ወደቀች። ወገቧ ተያዘ፣ ዓይኗን ሞራ ጋረደው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷት ብሎ መለሰልን። አንድ ከሰዓት በኋላ ትራሷን ሳስተካክል፣ ሳላስበው ሳይሆን ፈርቼ፣ ብቻዬን ይዤው እንዳልቀር ፈርቼ ነገርኳት። ማንም ሰው አልሞተም ነበር፣ የተገለበጠው እንጨት ነው፣ ለአባ የዋሸሁ እኔ ነኝ፣ ግዝቱ ከመጀመሪያውም አልያዘሽም አልኳት። ይህን ካወቅሁም አራት ዓመት ሆነኝ አልኳት። በቃሬዛ እንወስድሻለን፣ እናሻግርሻለን አልኳት።

 እጇን ዘርግታ መጋረጃውን ፈለገች፤ ሁልጊዜ ከግርጌዋ ነበር። አቀበልኳት።

«በእግሬ ነው ያልኩት» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «ለወንድምሽ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«እንዳትነግሪው።»

እኔን ልታድነኝ መሰለኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እንደ ልጅ ደረቴ ሞቀ። እጇን ልስም ጎንበስ ስል እጇን አሸሸችና ጨረሰችው፦

«እሱ ከአንች በቀር ሰው የለውም። እህቱን አታሳጭው። በጡቴ ገዝቼሻለሁ፣ እስክትሞች ድረስ ለእሱ እንዳትነግሪው።»

ያም ለእሱ ነበር። እኔን ሌላ ነገር አላለችኝም። ይቅር አላለችም፣ አልረገመችም፤ ውኃ ስጪኝ አለች፣ ሰጠኋት። ነሐሴ ላይ ሞተች።

ለእሱ እንዳልነግረው ነው የተገዘትኩት፤ እንዳልጽፍ አልተገዘትኩም። ወንድሜ ደግሞ ከጋዜጣ አልፎ አያነብም። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። የልጆች አስተማሪ ስለሆንኩ የማምለጫ መንገድ ማግኘት ከተማሪዎቼ ተምሬያለሁ።

በቀጣዩ ሰኔ መጋረጃውን ይዘን፣ እኔና እሱ፣ ባሕር ዳር ወረድን። ሐይቁ የተኛ ነበር፤ ድስት ውስጥ ያለ ውኃ እንኳ ከዚያ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል። ይህ ነው እንግዲህ ብዬ አየሁት። የጀልባው ባለቤት ሸምገል ያለ ሰው ነው። መካከሉ ላይ ስንደርስ ወንድሜ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ፣ ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ ማለት ነው፣ በሰኔ ማርያም ዋዜማ ሰባት ሰው የሰጠመው በየት በኩል ነው? ስናልፍ እንድናማትብ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው አሰበ። ሞተሩን ቀነስ አደረገው።

«በዚያ ዓመት? በዚያ ዓመት ነፋሱ ክፉ ነበር፤ ሦስት ቀን አስቀምጦናል። የሞተ ሰው ግን የለም። የእንጨት ታንኳ ናት የተገለበጠችው። የኔው የአጎቴ ልጅ ታንኳ ናት፣ ሰውየው ዛሬም አለ።»

ወንድሜ «እንደዚያ ነው?» አለ። ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ ጠርዙን በጣቱ ዳበሰ። ስምንት ዓመቱን እየቆጠረ እንደነበር አውቃለሁ፤ ብየዳውን፣ ጋራዡን፣ ያችን ልጅ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«እታለም፣ ለአባ ሰው ሞተ ብሎ የነገራቸው ማን ነው?»

የሚጠላኝ ከሆነ ነግሬው ይጥላኝ ብዬ አፌን ከፈትኩ። እናቴ «በጡቴ ገዝቼሻለሁ» ያለችው ጆሮዬ ላይ መጣ። እኔ ግዝት አልፈራም ነበር፤ በዚያ ውኃ ላይ ፈራሁ።

«ተገዝቻለሁ» አልኩት።

 ጎንበስ ብሎ መጋረጃውን ከጭኔ ላይ አነሣና የራሱ ጭን ላይ አደረገው።